ሌድ ዜፕሊንን ከየት ልጀምር? ከጊታሩ፣ ከማንዶሊኑ ወይስ ከሲንተሳይዘሩ

ሃርድ ሮክ የሚወዱ ሰዎች በተቀመጡበት የሌድ ዜፕሊን ስም ከተነሣ ክርክሩ መምጣቱ አይቀርም። አንዱ፣ «ጊታርና ድራም ብቻ በነበረበት ጊዜ ዜፕሊን ዜፕሊን ነበር፤ ኪቦርድ ሲገባበት ተበላሸ» ይላል። ሌላው፣ «እነዚያ መሣሪያዎች ባይጨመሩ ኖሮ ያንኑ ብሉዝ ሲደጋግሙ ይቀሩ ነበር» ብሎ ይመልስለታል። ድምፅ ከፍ ይላል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል። ባንዱን ገና ለመስማት ያሰበው ሦስተኛው ሰው ግን ከተደረደሩት አልበሞች የትኛውን እንደሚያነሣ ሳይነገረው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ባንዱ በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ከ1969 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት ስምንት የስቱዲዮ አልበሞች አወጣ፤ ድራም ተጫዋቹ ጆን ቦናም በመስከረም 1980 ሲሞትም ተበተነ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ሰው አልተጨመረም፣ አንድም ሰው አልተቀነሰም። ጂሚ ፔጅ ጊታር፣ ሮበርት ፕላንት ድምፅ፣ ጆን ፖል ጆንስ ቤዝና ኪቦርድ፣ ቦናም ድራም። የተለወጠው በእጃቸው ላይ ያለው ዕቃ ነው።

ክርክሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በትንፋሽ መሣሪያ የሚመሩትን የድሮ የአዲስ አበባ ባንዶች የሚወድ ሰው፣ በካሴት ዘመን ኪቦርድ የሳክስፎኑንና የትራምፔቱን ቦታ ሲወስድ ምን እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳዮች አይመሳሰሉም። በእኛ ዘንድ አንዱ ኪቦርድ የብዙ ሰው ሥራ ያዘ። በዜፕሊን ግን ኪቦርዱ ማንንም ከሥራ አላስወጣም፤ የሚጫወተው ራሱ ቤዝ ተጫዋቹ ነበር፣ ያውም ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ። ጆንስ ባንዱን ከመቀላቀሉ በፊት በለንደን ስቱዲዮዎች በአቀናባሪነት የሚፈለግ ሰው ነበር፤ ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በ1967 ላወጡት «ሺ ኢዝ ኤ ሬንቦው» የክር መሣሪያዎቹን ያቀናበረው እሱ ነው። ስለዚህ «ኪቦርድ የገባበት ቀን» እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች የሚያለቅሱበት ቀን በታሪክ የለም።

መለኪያዎቹን አስቀድመን እናስቀምጥ

የመሣሪያ ብዛት መለኪያ አይደለም። በስንት ቅጂ ተሸጠ የሚለውም አይደለም። እኔ የምጠቀምባቸው አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከባድ፣ ሁለቱ ቀላል።

የመጀመሪያው፦ አዲሱ መሣሪያ የተቀመጠው በማን ወንበር ላይ ነው? ዘፈኑን እየሰማችሁ አዲሱን ድምፅ በሐሳባችሁ አውጡት። ዘፈኑ ሳይፈርስ ከቆየ መሣሪያው ጌጥ ነበር ማለት ነው። ዘፈኑ ከፈረሰ ምሰሶ ነበር። ጌጥም ምሰሶም መሆን ነውር የለበትም። ችግር የሚመጣው አዲሱ መሣሪያ የጊታሩን ሥራ ወስዶ ጊታሩን ሥራ ፈት ሲያደርገው ነው።

ሁለተኛው፦ ድራሙ መተንፈሻ አለው ወይ? ይህን ጥያቄ ብዙ ተከራካሪዎች ይረሱታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ይህን ባንድ ከሌሎች የብሪታንያ የሮክ ባንዶች የለየው የፔጅ ጊታር ብቻ አይደለም፣ የቦናም እግርና በምቶቹ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ያን ባዶ ቦታ የሚሞላ ማንኛውም ድምፅ፣ ቫዮሊንም ይሁን ጊታር፣ ባንዱን ተራ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፦ አራት ሰው መድረክ ላይ ሊጫወተው ይችላል? አራተኛው፦ ምን ያህል ትዕግሥትና ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? ከ«ፊዚካል ግራፊቲ» በቀር አልበሞቹ ሁሉ በ40 ደቂቃ ዙሪያ ናቸው፤ እሱ ግን ድርብ አልበም ነው፣ ከ80 ደቂቃ በላይ።

አንደኛ ምርጫ፦ ጥሬው ዜፕሊን (ሁለቱ የ1969 አልበሞች)

የመጀመሪያው አልበም በጥር 1969 ወጣ። የተቀዳው ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ፣ ወደ 36 ሰዓት በሚጠጋ የስቱዲዮ ጊዜ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተከተለ፤ ባንዱ ጉዞ ላይ ስለነበር በየደረሰበት ከተማ ስቱዲዮ እየገባ ነበር የቀዳው። ጥድፊያው ይሰማል፣ በመልካም ትርጉሙ።

«ንጹሕ ጊታር» የሚሉት ይህን ነው። በደንብ ሲያዳምጡት ግን ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። «ዩር ታይም ኢዝ ጎና ካም» የሚከፈተው በጆንስ ኦርጋን ነው። «ብላክ ማውንቴን ሳይድ» ላይ ቪራም ጃሳኒ የተባለ ሙዚቀኛ የህንዱን ከበሮ ታብላን ይመታል። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊዩዝድ» ላይ ፔጅ ጊታሩን በቫዮሊን ደጋን ይገዘግዘዋል፤ ማሲንቆ እየሰማ ላደገ ሰው ያ ድምፅ ከሎስ አንጀለስ ልጅ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በሁለተኛው አልበም «ሆል ሎታ ላቭ» መካከል የሚያቃስተው ነገር ደግሞ ቴረሚን ነው፤ እጅ ሳይነካው፣ እጅ ሲቀርበውና ሲርቀው የሚጮኽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ።

ታዲያ ለምን ጥሬ ይባላል? ከላይ የጠቀስኳቸው ድምፆች ሁሉ ጌጦች ስለሆኑ ነው። ከኦርጋኑ ዘፈን በቀር፣ አውጥታችሁ ብትጥሏቸው ዘፈኖቹ አይፈርሱም። ጊታሩ አጥንት ነው፣ ድራሙም የፈለገውን ያህል ቦታ አለው። ድክመቱ ሌላ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው አልበም ብሉዙ የሰው ብሉዝ ነው፣ ገና የራሳቸው አልሆነም። ጊታር ለሚማር ሰው ግን ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም።

ሁለተኛ ምርጫ፦ የገጠሩ ዜፕሊን (ሦስተኛው አልበም፣ 1970)

ፔጅና ፕላንት በ1970 ጓዛቸውን ይዘው በዌልስ ተራሮች ውስጥ ወደሚገኝ ብሮን ይር አውር የሚባል ጎጆ ሄዱ። መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። መብራት በሌለበት ቤት የኤሌክትሪክ ጊታር ምን ይሠራል? ከእንጨት ጊታሮቻቸው ጋር ተቀመጡ። ከዚያ የተመለሱት በጥቅምት ወር የወጣውን ሦስተኛ አልበም ዘፈኖች ይዘው ነው።

በአልበሙ ላይ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ፔዳል ስቲል የሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ (ካንትሪ) ጊታር፣ ለ«ፍሬንድስ» ጆንስ ያቀናበራቸው የክር መሣሪያዎች፣ ከዚያ ዘፈን ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ሙግ የሚባል ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ጉርምርምታ፣ ከቦናም እጅ ደግሞ የማንኪያ ኳኳታ አለ። ሌላ «ሆል ሎታ ላቭ» ሲጠብቁ የነበሩ ደጋፊዎች ግራ ተጋቡ። ተቺዎቹም ባንዱን የሰው ፋሽን ተከተለ ብለው ከሰሱት። ፔጅ የቆሰለው በዚህ ነው፤ የእንጨት ጊታር በፊተኞቹ ሁለት አልበሞችም ላይ ነበር እኮ። ለተወሰነ ጊዜ ለጋዜጠኞች ቃለ ምልልስ መስጠቱን አቆመ።

እኔ ዳኛ ብሆን የምፈርደው ለፔጅ ነው። «ጋሎውስ ፖል» የተባለውን ዘፈን እንደ ምስክር አቀርባለሁ። አንድ የእንጨት ጊታር ብቻውን ይጀምራል። ማንዶሊን ይጠጋዋል። ድራሙ መንገዱን አጋምሶ ይገባል፣ ባንጆውም ይከተላል፤ ባንጆውን የሚመታው ፔጅ ደግሞ ከዚያ በፊት መሣሪያውን ተጫውቶት የማያውቅ ሰው ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ሲገባ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስላል። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ በመሣሪያዎቹ አገባብ ይነገራል። ሊሰቀል የቆመ ሰው ዘመዶቹ ይደርሱለት እንደሆነ አሻግሮ እያየ ሲጠብቅ፣ ከሩቅ የሚመጣው የመሣሪያ ብዛት የሰው ብዛት ሆኖ ይሰማል።

በዚሁ አልበም «ሲንስ አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ» ላይ ጆንስ ኦርጋኑን በእጁ፣ ቤዙን በእግሩ ፔዳል ይጫወታል። ጸጥ ባለ ክፍል አዳምጡት፤ የቦናም ድራም ፔዳል ሲያቃጭል ይሰማል። ዘይት የሚቀባው ሰው አልተገኘም መሰለኝ፣ እሰየው።

ሦስተኛ ምርጫ፦ ሚዛኑ (አራተኛው አልበም፣ 1971)

ስም የለውም። ሽፋኑ ላይ የባንዱም ስም አልተጻፈበትም። አብዛኛው የተሠራው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ውስጥ ባለ አሮጌ ትልቅ ቤት ነው፤ የሮሊንግ ስቶንስን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ በር ላይ አቁመው።

«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ሲጀምር ከጊታሩ ጋር የሚሰማው ዋሽንት መሳይ ድምፅ ሪኮርደር የሚባሉት የእንጨት ዋሽንቶች ናቸው፤ ጆንስ ደራርቦ የቀዳቸው። «ዘ ባትል ኦቭ ኤቨርሞር» ላይ ድራም የሚባል ነገር የለም፤ ፔጅ የጆንስን ማንዶሊን አንሥቶ ይመታል፣ እንግሊዛዊቷ የፎክ ዘፋኝ ሳንዲ ዴኒ ከፕላንት ጋር ትቀባበላለች። «ሮክ ኤንድ ሮል» ላይ የሮሊንግ ስቶንስ ፒያኖ ተጫዋች ኢያን ስቱዋርት ፒያኖ ይጫወታል። በመለኪያችን መሠረት ስንፈትናቸው፣ ሪኮርደሩ ጌጥ፣ ማንዶሊኑ ምሰሶ፣ ፒያኖው ቅመም ነው።

ትልቁ «አዲስ መሣሪያ» ግን ከመሣሪያ ቤት የተገዛ አይደለም። ቤቱ ራሱ ነው። «ዌን ዘ ለቪ ብሬክስ» የሚለውን ለመቅዳት የቦናምን ድራም በደረጃው ሥር ባለው ከፍተኛ አዳራሽ አስቀመጡት፤ ማይክሮፎኖቹን ከላይኛው ፎቅ ወደታች አንጠለጠሏቸው። የሚሰማው ድራም ብቻ ሳይሆን የድንጋዩና የአየሩ መልስ ነው። የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ያን ምት በኋላ ደጋግመው ወስደውታል። ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህን አነሣለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች የሚቆጥሩት ዕቃ ነው፣ ማንም ክፍል አይቆጥርም።

በመድረክ ጥያቄም ይህ አልበም አብዛኛውን ያልፋል። ለ«ስቴርዌይ» ፔጅ ባለ ሁለት አንገት ጊብሰን ጊታር ይዞ ወጣ፤ ስድስት ክርና ዐሥራ ሁለት ክር በአንድ አካል። የዋሽንቶቹን ድርሻ ጆንስ በኪቦርድ ተወጣው። «ለቪ» ግን በመድረክ ላይ የተሞከረው በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አዳራሹን ተሸክሞ መዞር አይቻልምና።

አራተኛ ምርጫ፦ ሰፊው ዜፕሊን (ከ1973 እስከ 1975)

እዚህ ሁለት አልበሞች አሉ፤ «ሃውዝስ ኦቭ ዘ ሆሊ» እና «ፊዚካል ግራፊቲ»። ሜሎትሮን የሚባለው መሣሪያ የነገሠበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ፒያኖ የመሰለ ቁልፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ግን አስቀድሞ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት የተቀዳበት የቴፕ ቁራጭ ይጠብቃል። ቁልፉን ስትጫኑ ቴፑ ይዞራል፤ ወደ 8 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ያልቃል። ካሴት እየበላች ያስቸገረችው ቴፕ ያለችው ሰው የዚህ ዕቃ ጠባይ በቀላሉ ይገባዋል። በጉዞ ይንገላታል፣ ቅኝቱ ይሸሻል። ቢሆንም ያ መንቀጥቀጡ ነው እውነተኛ ቫዮሊኖች የማይሰጡትን የሕልም ድምፅ የሚሰጠው። «ዘ ሬን ሶንግ»ን ስሙ።

«ኖ ኳርተር» ደግሞ የጆንስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ዘፈን ነው። ፒያኖውን ካወጣችሁት ምንም አይቀርም። ሆኖም ጊታሩ አልተባረረም፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ሲገባም ወለሉን ያንቀጠቅጣል። በሥራ የተጠመደ ሰው ዘግይቶ ወደ ስብሰባ ገብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እንደሚወጣው ማለት ነው።

ከዚያ በ1975 ድርብ አልበሙ መጣ። 15 ዘፈኖች አሉት፤ ስምንቱ አዲስ፣ የቀሩት ከቀደሙት ዓመታት ተርፈው የቆዩ። ክላቪኔት የተባለው ኪቦርድ «ትራምፕልድ አንደር ፉት»ን ያስደንሳል። የሁሉ ነገር መዳረሻ ግን «ካሽሚር» ነው። ፔጅ የጊታሩን ቅኝት ለውጦ ስድስቱን ክሮች ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ አደረጋቸው። ፕላንት ግጥሙን የጸነሰው በደቡብ ሞሮኮ በረሃ መኪና እየነዳ ነው፤ በህንድና በፓኪስታን መካከል ያለችውን ካሽሚርን አልረገጠም ነበር። ከሜሎትሮኑ በተጨማሪ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ቫዮሊንና የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ጨመሩበት።

ይህን ሁሉ የተሸከመ ዘፈን እንዴት አልሰመጠም? ምክንያቱ በሒሳብ ይገለጻል። ጊታሩና የክር መሣሪያዎቹ በሦስት ይቆጥራሉ፣ ቦናም በአራት ይመታል። ሁለቱ የሚገናኙት በየዐሥራ ሁለቱ ምት ነው። እስኪገናኙ ድረስ ጆሮ ይንጠለጠላል፤ ሲገናኙ ይወርዳል፣ እንደገና ይንጠለጠላል። ቺክቺካ ያሳደገው፣ ሦስትና ሁለት ሲጋጩ ትከሻው የሚንቀሳቀስ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቦናም በበኩሉ እዚህ ምንም አያወሳስብም፤ ትልቅ ሰው እንደሚራመደው ይራመዳል። ኦርኬስትራው የጊታሩን መንገድ ይከተላል፣ የድራሙን ሜዳ አይረግጥም። መሣሪያ መጨመር ማለት ምን እንደሆነ የሚያስተምር አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እሰጣለሁ።

ድርብ አልበሙ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። አራቱም የሸክላ ገጾች እኩል አይደሉም፤ በመጨረሻው ገጽ ቀለል ያሉ፣ ለጨዋታ የተቀዱ የሚመስሉ ዘፈኖች አሉ።

አምስተኛ ምርጫ፦ ኪቦርድ የሌለበት (ፕረዘንስ፣ 1976)

«ኪቦርዱ ባይኖር» ለሚሉት ሰዎች መልሱ ተሠርቶ ተቀምጧል። ፕላንት በነሐሴ 1975 ሮድስ በምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ የመኪና አደጋ ደርሶበት ነበር፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ሙኒክ ውስጥ በ18 ቀን ተጠናቀቀ፤ ሮሊንግ ስቶንስ ስቱዲዮውን ለመረከብ እየጠበቁ ነበር። በአልበሙ ላይ አንድም ኪቦርድ የለም።

ታዲያ ደጋፊው ሁሉ በዚህ አልበም ተስማማ? አልተስማማም፤ እስከ ዛሬ ከሚያከራክሩት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን «አኪሊስ ላስት ስታንድ» ከ10 ደቂቃ በላይ ነው፤ ፔጅ ጊታር በጊታር ላይ ደራርቦ ኦርኬስትራ ሠራበት፣ ጆንስም ባለ ስምንት ክር ቤዝ አነሣ። ግሩም ነው። ከእሱ በኋላ ግን አልበሙ እየደረቀ ይሄዳል፤ ዓይነቱ አንድ ሆኖ ይቀርብናል። የሚገርመው፣ በ2015 በድጋሚ ሲታተም ከተጨመረው ተጓዳኝ ዲስክ ላይ አንድ የጆንስ የፒያኖ ዜማ ተገኘ፤ ተቀድቶ ሳይገባ የቀረ። እኔ ያን ዜማ በሰማሁ ቁጥር አልበሙ የጎደለው ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል።

ስድስተኛ ምርጫ፦ የሲንተሳይዘሩ ዜፕሊን (1979)

«ኢን ስሩ ዘ አውት ዶር» የተቀዳው በ1978 መጨረሻ ስቶክሆልም ውስጥ፣ «አባ» (ABBA) የተባለው የስዊድን ፖፕ ባንድ ስቱዲዮ በነበረው ፖላር ነው። ጆንስ ያማሃ ጂ ኤክስ 1 የተባለ ግዙፍ ሲንተሳይዘር አገኘ፤ ደራርቦ የተቀመጠ የኪቦርድ ገበታና የእግር ፔዳል ያለው፣ የቤት ዕቃ ሊባል የሚችል ማሽን። ፔጅ ከሄሮይን፣ ቦናም ከመጠጥ ጋር በሚታገሉበት ወቅት ጆንስና ፕላንት ቀድመው ስቱዲዮ እየገቡ ብዙውን ሥራ ጀመሩ። ሁለት ዘፈኖች የፔጅ ስም በደራሲነት የሌለባቸው ናቸው። ከሁለቱ አንዱ «ኦል ማይ ላቭ» ነው፤ ፕላንት በ1977 በአምስት ዓመቱ ለሞተበት ልጁ የሠራው። በእሱ ላይ የሲንተሳይዘሩ ብቻ ጨዋታ ሲመጣ የሚያፌዝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ለማን እንደተዘፈነ ስነግረው ዝም አለ። ዝም ማለቱ ትክክል ነበር፣ ትችቱ ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም።

በመጀመሪያው መለኪያ አልበሙ ይወድቃል። «ካሩሰላምብራ» ላይ ሲንተሳይዘሩ ጊታሩ ሊቀመጥበት በሚገባው ወንበር ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ጊታሩ ከኋላ ቆሞ ይሰማል። ያ ዘፈን በመድረክ ላይ አንድም ቀን አልቀረበም። በሁለተኛው መለኪያ ግን ያልፋል፣ በደንብ ነው የሚያልፈው። «ፉል ኢን ዘ ሬን» ላይ ቦናም የሚመታው ተንከባላይ ምት ድራም ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚለማመዱት ነው። መሀሉ ላይ ፊሽካ ተነፍቶ ወደ ብራዚሉ የዳንስ ምት፣ ወደ ሳምባ ይዞራል። ስለዚህ «ሲንተሳይዘር ገደለው» የሚለውን አልቀበልም። ጊታሩ ሳይመጣ ቀረ፤ ሲንተሳይዘሩ ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ። ሁለቱ አይመሳሰሉም።

ከዝርዝር ውጭ አንድ ምርጫ

በ1994 ፔጅና ፕላንት «ኖ ኳርተር» በሚል ርዕስ የድሮ ዘፈኖቻቸውን ከከበሮ መቺው ሆሳም ራምዚ የግብፅ ሙዚቀኞችና ከለንደን ኦርኬስትራ ጋር አቀረቡ። ሞሮኮም ሄደው ቀድተዋል። ጆንስን አልጠሩትም። እነዚያን ክሮች ያቀናብር የነበረውን ሰው ትቶ ክሮቹን ማብዛት ምን ይባላል? «ካሽሚር» እዚያ ያማረ፣ የተንቆጠቆጠ ነው፤ የቦናም እርምጃ ግን የለም።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | ተጨማሪው ድምፅ | ጊታሩ | የድራሙ ቦታ | በመድረክ | የሚጠይቀው ትዕግሥት |
|---|---|---|---|---|---|
| አንደኛና ሁለተኛ አልበም፣ 1969 | ኦርጋን፣ ታብላ፣ ደጋን፣ ቴረሚን | አጥንት | ሰፊ | ይበልጥ ያምራል | ትንሽ |
| ሦስተኛ፣ 1970 | ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ክሮች | በአብዛኛው የእንጨት | መካከለኛ | ይቻላል | መካከለኛ |
| አራተኛ፣ 1971 | ሪኮርደር፣ ማንዶሊን፣ አዳራሽ | አጥንት | በጣም ሰፊ | አብዛኛው ይቻላል | ትንሽ |
| ሃውዝስ ኦቭ ዘ ሆሊ፣ 1973 | ሜሎትሮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ | ተጋሪ | ሰፊ | ይቻላል | መካከለኛ |
| ፊዚካል ግራፊቲ፣ 1975 | ኦርኬስትራ፣ ክላቪኔት | አጥንት | በጣም ሰፊ | ይቻላል፣ ክሮቹ በሜሎትሮን | ብዙ |
| ፕረዘንስ፣ 1976 | የለም፣ ጊታር በጊታር ላይ | ሁሉም ነገር | ሰፊ | ይቻላል | ብዙ |
| ኢን ስሩ ዘ አውት ዶር፣ 1979 | ግዙፍ ሲንተሳይዘር | ከኋላ | ሰፊ | በከፊል | መካከለኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ሮክ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አራተኛው። ብዙ አላስብበትም። ክራርና የመሰንቆ ዜማ ለሚወድ፣ ጩኸት ለሚያደክመው ሦስተኛው፤ የመጀመሪያውን ዘፈን «ኢሚግራንት ሶንግ»ን መዝለል ይችላል፣ ሲለምድ ይመለስበታል። ሙላቱ አስታጥቄን የሚሰማ፣ ዜማ ሲሰፋ የሚደሰት ሰው «ካሽሚር»ን ብቻ አንድ ሳምንት ያዳምጥ፤ ከወደደው ድርብ አልበሙን ይያዝ፣ ካልወደደው ገንዘቡን አያጥፋ።

ባንድ መሥርታችሁ ከሆነና አራት ብቻ ከሆናችሁ በ2003 የወጣውን «ሃው ዘ ዌስት ዎዝ ዎን» የተባለ የመድረክ ቅጂ አስቀድሙ። በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ በሦስት ዲስክ። በስቱዲዮ የተደራረበውን በአራት ሰው እንዴት እንደሚያወርዱት እዚያ ትማራላችሁ። ኪቦርድ ተጫዋች ከሆናችሁና ቦታ አጣን ብላችሁ የምታማርሩ ከሆነ «ኖ ኳርተር»፣ የ1973ቱን ማለቴ ነው።

ስለ ወጪ፦ በስልክ የምትሰሙ ከሆነ የሚያስከፍላችሁ ኢንተርኔቱ ብቻ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን ዘፈኖች ብቻ ሰብስባችሁ አንድ ዝርዝር ሥሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በአገልግሎት ላይ የዋለ ሲዲ ከአዲስ ሸክላ እጅግ ይረክሳል፣ ለዚህ ባንድ የድምፅ ልዩነቱም ገንዘቡን አያካክስም። ሸክላ መግዛት ካማራችሁ ሦስተኛውን ግዙ፤ ሽፋኑ ላይ የሚሽከረከር ክብ ወረቀት አለው፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በ2014 እና በ2015 የወጡት ተጓዳኝ ዲስክ ያላቸው እትሞች ለጀማሪ ትርፍ ወጪ ናቸው። የ«ፊዚካል ግራፊቲ» ብቻ ይለያል፤ «ካሽሚር» ከመጠናቀቁ በፊት የነበረውን የኦርኬስትራ ቅንብር ስለያዘ፣ ከመጨረሻው ቅጂ ጋር አስተያይቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይጠቅማል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የትኛውንም ብትመርጡ በስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ አትፍረዱ። የጆንስ የእግር ፔዳልና የቦናም ትልቁ ድራም እዚያ አይሰሙም፤ የሚቀረው የፕላንት ጩኸትና የፔጅ ጊታር ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ «ጊታር ብቻ» የሚለው ወገን ያለ ክርክር ያሸንፋል።